ነብሯ፣ ሟቿና ብርቄ

ብርቄ ማረፏን በስልክ የነገረኝ ሸምሱ ነው። እኔ በዚያ ሰዓት መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ ቤት ሙሉ መነጽሬን እየፈለግሁ ነበር።

«ታፈሰ፣ ብርቄ ሞተች» አለኝ።

«ግድ የለም፣ ትመለሳለች» አልኩት።

እንዲህ ያልኩት ልቤ ደንድኖ አይደለም፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። እኔና ሸምሱ ስንት ዓመት ሙሉ «እገሊት ሞተች» የምንባባለው ስለ ድራማ ሰው ነበር። የድራማ ሰው ደግሞ ሐሙስ ሞታ ሰኞ ትመለሳለች፤ ያውም ተኳኩላ። ሸምሱ ግን አልሳቀም። አፍንጫውን ሲስብ ሰማሁት።

መነጽሬን ያኔ አገኘሁት። ዓይኔ ላይ ባወርደውም ምንም አልታየኝም።

ስለ ብርቄ ልጻፍ ካልኩ ስለ ራሴም ጥቂት ማለቴ አይቀርም። ጥቂት ያልኩት ትሕትና ይዞኝ አይደለም፣ ብዙ የሚባል ስለሌለ ነው። አቃቂ አንድ ክር ፋብሪካ ውስጥ ጥገና ክፍል ነበርኩ። ሥራዬ ብሎን ነው፤ ሲላላ ማጥበቅ፣ ሲጠብቅ ማላላት። በዚህ ሙያ አርጅቼ ጡረታ ወጣሁ። ብርቄ ፈትል ክፍል ነበረች። ቀጠን ያለች፣ አንገቷ ረዘም ያለ፣ ስትሄድ የምትቸኩል፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት።

አንድ ቀን አንደኛው ማሽን ክዳኑ ወልቆ የአንዲት ሠራተኛ ጣት ነከሰ። ልጅቷ ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ክሊኒክ ስትወሰድ ኃላፊው «በሉ ሌላ ሰው ትግባ፣ ማሽኑ እንዳይቆም» አለ። ብርቄ አልተሳደበችም፣ አልጮኸችም። ወደ መብራት ሣጥኑ ሄደች፤ ፊውዙን ነቀለች፤ ደረቷ ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያ የጆንያ ክምር ላይ ተቀመጠች። ክፍሉ በሙሉ ጸጥ አለ። ኃላፊው እኔን አስጠራኝና «ሂድ ፊውዙን አምጣ» አለኝ።

ሄጄ ፊቷ ቆምኩ።

«ምን ፈለግህ?» አለችኝ።

«ፊውዙን።»

«ያለበትን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው እጅህን ስደድና ውሰደዋ!»

ተመልሼ ለኃላፊው «ፊውዙ ያለው ከእኔ አቅም በላይ የሆነ ቦታ ነው» ብዬ ሪፖርት አደረግሁ። ክዳኑ በዚያው ቀን ተሠራ። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ከራሴ በላይ ቆማ ያሰርኩትን ብሎን ሁሉ በጣቷ እየነካካች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሜ «ብሎኑ» ሆነ። እስክትሞት ድረስ ታፈሰ ብላ ጠርታኝ አታውቅም።

እዚያው ፋብሪካ አንድ ሕንዳዊ ዋና መካኒክ ነበረን። ከእሱ ጋር ብዙ ዓመት ስሠራ አሥራ ሁለት የሕንድኛ ቃል ለቀምኩ። ሰባቱ ስለ ብሎንና ስለ መፍቻ ናቸው። አራቱ ስድብ ናቸው፤ በእኔ ላይ ከተሰነዘሩት መካከል ተመርጠው የቀሩ። አሥራ ሁለተኛው «ማፍ ከሮ» የሚለው ነው፤ «ይቅር በለኝ» ማለት ነው። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ በቀን አሥር ጊዜ ስለምለው ራሱ አፌን ለመደው። ግቢያችን ውስጥ ግን በእነዚህ አሥራ ሁለት ቃላት «ሕንድኛ ዐዋቂው ጋሽ ታፈሰ» ተብዬ እከበር ነበር። እኔም አላስተባበልኩም። ክብር እንዲሁ ሲመጣ የሚያስተባብል ሰው አይቼ አላውቅም።

ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ብርቄ አረብ አገር ሄዳ ሁለት ዓመት በሰው ቤት ሠራች። ሚሊኒየሙን ባከበርን ማግስት ተመለሰች፤ አንድ ሻንጣና አንድ ቴሌቪዥን ይዛ። ቃሊቲ ውስጥ ስድስት አባወራ አንድ ቧንቧና አንድ ግድግዳ የምንጋራበት የቀበሌ ግቢ ነበረን። አንድ ግድግዳ ያልኩት ለማጋነን አይደለም። ጭቃው ከመሳሳቱ የተነሳ አንዱ ቤት ሲያስነጥስ ሌላው ቤት «ይማርህ» ይል ነበር። የግቢው የመጀመሪያ ዲሽ የብርቄ ቆርቆሮ ላይ ተተከለ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ልብስ የሚያጥበው ልብሱን፣ የሚጣላው ጠቡን ትቶ እሷ ቤት ይገባል።

ጣቢያው የአረብ ነው፤ ድራማው የሕንድ ነው። ሰዎቹ በሕንድኛ ያወራሉ፣ ከታች የአረብኛ ጽሑፍ ይሮጣል፣ እኛ በአማርኛ እናያለን።

መጀመሪያ፣ ቤቱ በሰው ሳይሞላ፣ ሦስታችን ሥራውን ተከፋፍለን ሞክረን ነበር። ሸምሱ የስልጤ ሰው ነው፤ ግቢያችን በር ላይ ሱቅ ነበረው። ልጅ ሆኖ ቁርአን ስለቀራ የአረብኛውን ፊደል አሳምሮ ያነባል፣ ትርጉሙን ግን አያውቅም። ብርቄ ደግሞ የማድ ቤት አረብኛ ትሰማለች፣ ማንበብ ግን አትችልም። ስለዚህ ሸምሱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ብርቄ ሰምታ ትተረጉማለች፣ እኔ ከሕንድኛው ጋር አመሳክራለሁ ተባለ። መስሪያ ቤት ሆንን። አንድ ሳምንት ቆየን። ሸምሱ ጽሑፉን እንደ ቅዱስ ቃል እያሳመረ፣ እያስረዘመ ሲያነብ ጽሑፉ ያልፋል፤ ብርቄ ከሰማችው ውስጥ «ውሃ» እና «ብረት ድስት» የሚሉትን ብቻ ትለያለች፤ እኔም ብሎን የሚል እስኪመጣ እጠብቃለሁ።

«ሸምሱ፣» አለች ብርቄ በስተመጨረሻው፣ «አንተ አንዱን መስመር ስትጨርስ ሴትዮዋ አግብታ ወልዳለች! ተወው። እኔ ብቻዬን እሠራዋለሁ።»

ብቻዋን ሠራችው። ላስቲክ የተጠቀለለውን ሪሞት እንደ ቄስ መስቀል ከፍ አድርጋ ይዛ፣ ከሰዎቹ አፍ እኩል አማርኛውን ታፈስሰው ጀመር። እንዴት ገባሽ ስንላት «አፋቸውን አትዩ፣ አንገታቸውን እዩ። ሰው በአፉ ይዋሻል፤ አንገት አይዋሽም» ትለናለች። ግማሹ ሰው አረብኛውን እያነበበች ነው ብሎ ያምናል። አረብ አገር የኖረ ሰው አረብኛ ማንበብ እንዴት ያቅተዋል? እኔና ሸምሱ እውነቱን ብናውቅም ዝም አልን። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የእሷ ድራማ አይቋረጥም። የጨለመውን መስታወት እያየች ትቀጥላለች፤ እኛም የጨለመውን መስታወት እያየን እንሰማለን። እውነቱን ልናገር፣ መብራት የጠፋባቸው ክፍሎች ይበልጡ ነበር።

ሁለት ድራማ ነበር፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል። የመጀመሪያው የሙሽራ ታሪክ ነው። ይህች ሙሽራ ያናደዷት ዕለት ዓይኗ ቢጫ ይሆንና ነብር ትሆናለች። «ነብሯ» አልናት። ሁለተኛዋ የባሏ ቤተሰቦች ጉድጓድ ውስጥ የጣሏት ምራት ናት። ሞተች፣ ተቀበረች፣ ልጇን ትታ መሄድ ግን እሺ አላላትምና ተመለሰች። ከልጇ በቀር የሚያያት የለም። ብርጭቆ ማንሳት እንኳ አትችልም፤ የምትችለው አንድ ነገር የተዘጋ በር መክፈት ብቻ ነው። እሷን «ሟቿ» አልናት።

ግቢው ለሁለት ተከፈለ። እኔ የነብሯ ወገን መሪ ነበርኩ። ሚስቴን የምፈራ ሰው ስለሆንኩ ጥፍር ያላትን ሴት በሩቁ፣ በቴሌቪዥን ውስጥ ማድነቅ ደስ ይለኛል። ብርቄ የሟቿ ነበረች።

«ብርቄ፣ ፍረጂ እንጂ» እላታለሁ። «ነብሯ ትናንት ሦስት ሽፍታ በአንድ ጥፊ ደፋች። ያንቺዋ ምን ሠራች? በር ከፈተች!»

«ብሎኑ፣ ጥፍር ያለው ሰው ቢደፍር ምን ይገርማል? ጥፍሯን ውሰድባትና እንያት። ያቺኛዋ ምንም የላትም። ሥጋ እንኳ የላትም! ግን ከዚያ ቤት ንቅንቅ አላለችም።»

«በር መክፈት ጀግንነት ነው?»

«ውስጥ የተዘጋበትን ሰው ጠይቀዋ!»

ሸምሱ በመካከል ይገባል። «እኔ የነብሯን ባል ነው የማዝንለት። ሰውየው ምን ብሎ ይተኛል?»

«ካላናደዳት ይተኛል» ትለዋለች ብርቄ። «መድኃኒቱ ይኸው ነው፤ ሐኪም አያስፈልገውም።»

ይህን ስንባባል ሁልጊዜ በሩ አጠገብ የምትቀመጥ አንዲት ሴት ነበረች፤ ጽጌ። ከእኛ ቤት ቀጥሎ ያለው ቤት የእሷና የባሏ የዘውዱ ነው። ዘውዱ የተሳቢ ሾፌር ነው። መኪናው ጅቡቲ መንገድ ላይ ስትሆን ጽጌ ትስቃለች፤ መኪናው ሰፈር የቆመች ሳምንት ጽጌ በዚያ ሙቀት በሻሽ እስከ ዓይኗ ድረስ ተጠቅልላ ትመጣለች። ሕፃኗን ጭኗ ላይ አስተኝታ ታያለች። ከየትኛው ወገን እንደሆነች ጠይቀናት «እኔ ዝም ብዬ ነው የማየው» አለች።

የማልረሳው ክፍል የመጣው ዘውዱ ጭነት ሊጭን በማለዳ የወጣ ዕለት ነው። ነብሯን ባሏ በሰው ፊት በጥፊ መታት። ቤቱ «ውይ!» አለ። ሁላችንም ዓይኗ ቢጫ እስኪሆን ጠበቅን። እኔ እንደውም «አለቀልህ!» ብዬ ከወንበሬ ተነሥቼ ነበር። ዓይኗ አልተለወጠም። አምባሮቿን አንድ በአንድ አወለቀች፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ አንገቷን ደፋ አድርጋ አጭር ነገር ተናገረች፣ ዝናብ ውስጥ ወጣች።

ምስሉ ለአፍታ ጠቆረ፤ ብርቄ ገና አልተረጎመችም። እንዲህ ስትዘገይ አይተናት አናውቅም። ከዚያ ሪሞቱን ከፍ አደረገች።

«አልበላህም፤ አለችው። የሚበላ ሥጋ የለህም። በአራት እግሬ ብሄድ ፈርታኝ ሮጠች ትላለህ፤ ስለዚህ ልጄን ይዤ በሰው እግሬ እሄዳለሁ። በሩን አንተ ዝጋው፤ እኔ ዳግመኛ አልዘጋውም፤ አለችው።»

ሴቶቹ እልል አሉ። የሟቿ ወገኖች ሳይቀሩ አጨበጨቡ። እኔ አላጨበጨብኩም። ጆሮዬ ውስጥ አሥራ ሁለተኛዋ ቃሌ ትጮህ ነበር። ሴትዮዋ ያለችው «ማፍ ከሮ» ነው። ይቅር በለኝ። ያውም ሁለት ጊዜ። በዚህች አንዲት ቃል የሚያታልለኝ የለም፤ ዕድሜ ልኬን ያልኳት ናት። ቀና ስል የብርቄ ዓይን ዓይኔን ያዘው። ሳል እንደያዘው ሰው ሳልኩና ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ጽጌ የለችም። ልጇን አዝላ፣ አንድ ፌስታል ልብስ ይዛ ሳሪስ አቦ አክስቷ ጋ ሄደች። ታክሲ ሞልቶ ሳለ በእግሯ ሄደች። ያየቻት የዳቦ ቤቷ ሴት «ላሳፍርሽ ብላት "አይ፣ በእግሬ ነው የምሄደው" አለችኝ» ብላ ነገረችን። ሁሉም ወደ ብርቄ ዞረ። ብርቄ የምታጥበውን ሰሃን ማጠብ ቀጠለች።

ዘውዱ ሲመለስ ማንም ሳይነግረው ሰማ፤ ያ ግድግዳ ምን ይደብቃል? ልክ አሥር ሰዓት ላይ ብርቄ ቤት ገብቶ ቴሌቪዥኑ ፊት ተገተረ።

«ሚስቴን ያስኮበለልሽው አንቺ ነሽ!»

«ልጄ፣ ዞር በል፣ ጋርደኸኛል» አለችው ብርቄ። «ቁጣህን ማስታወቂያ ሲመጣ ትነግረኛለህ።»

ሰው ሳቀ። ዘውዱ ወጣ። ወዲያው መሰላል ጎትቶ ዲሹን ሊነቅል ጣሪያ ላይ ወጣ። መሰላሉን የያዘለት ማን እንደሆነ መናገር ይከብደኛል፤ እኔ ነኝ። ለሽንት ስወጣ አገኘኝና «ጋሼ፣ ያዝልኝ» አለኝ፤ ያዝኩለት። ያዝልኝ ሲሉኝ ለምን ብዬ የመጠየቅ ልማድ የለኝም።

ውስጥ ምስሉ ጠፋ። የብርቄ ድምፅ ግን በጭቃው ግድግዳ አልፎ ለእኔም፣ ጣሪያው ላይ ላለውም ይሰማ ነበር።

«አሁን ባልዬው ጣሪያ ላይ ወጣ። ሚስቱን ፈልጎ ይሆን? ሚስቱ ጣሪያ ላይ የለችም። ቆርቆሮው ስስ ነው፤ ደግሞ ዝገቱ! አንድ ሽማግሌ ከታች መሰላሉን ይዞለታል። ሽማግሌው ለምን እንደያዘ አያውቅም፤ እግዜር የፈጠረው መሰላል እንዲይዝ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዘውዱ ከላይ አየኝ፤ እኔም ከታች አየሁት። ዲሹን ሳይነቅል ወረደ፤ ትንሽ ብቻ ወደ ደብረ ዘይት አዙሮት ነበር። እኔ መልሼ አስተካከልኩት። ብሎን ነው፤ ይህንስ አላጣውም።

ቀልዱ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ ዘውዱ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ የእድራችን ዳኛ፣ ሸምሱና እኔ ነበርን። ለብርቄ «ሰው ለማስታረቅ ነው የምንሄደው» አልኳት።

«ሂድ» አለችኝ። «የላላ ብሎን ማጥበቅ ሥራህ አይደል? ያጠበቅኸው የሰው አንገት መሆኑን ግን እንዳትረሳ።»

ዘውዱን ይዘን ሄደን ሳሪስ፣ የአክስትየው ቤት ተቀመጥን። ጽጌ ልብስ ስፌት ቤት ተቀጥራ ነበር። ሻሽ አላሰረችም። ፊቷን ሙሉውን ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ለካ ግንባሯ ሰፊ ነው። የእድሩ ዳኛ ስለ ትዳር ክብር በሰፊው ተናገረ። ጽጌ ሰማች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ እሺም እምቢም አላለችም። ሕፃኗን አቅፋ መሬት መሬት ስታይ ልቧ መሃል መንገድ ላይ እንደቆመ ይታወቅ ነበር። ያኔ ዘውዱ ተነሣ።

«አባቶቼ፣ ቤቴን ያፈረሰው ውሸት ነው። ያቺ አሮጊት የማታውቀውን ቋንቋ ዐውቃለሁ ብላ ልብ ወለድ ነገረቻት። ሕንድኛ የሚያውቁት ጋሽ ታፈሰ እዚሁ አሉ። ሴትዮዋ በእውነት ምን እንዳለች ይናገሩ። እውነት ከሆነ ተሸንፌ እሄዳለሁ። ውሸት ከሆነ ግን ሚስቴ በውሸት ነው የወጣችው፤ ትመለስ።»

«ደግ ተናገርክ» አለ የእድሩ ዳኛ።

ጽጌ ቀና አለች። «ይናገሩ ጋሼ» አለችኝ። «እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።»

እንግዲህ ያን ጊዜ የዓለም ሁሉ ሕንድኛ በእኔ ጉሮሮ ላይ ቆመ። ሕይወቴን ሙሉ ዐዋቂ ስባል ዝም ያልኩት ሰውዬ ሂሳቤን አገኘሁ። እውነቱን ብናገር ልጅቱ ልትመለስ ነው። ብዋሽ ደግሞ የተቀመጥኩት በሽምግልና ወንበር ነው። 

«ልጄ፣» አልኩ፣ «እኔ የማውቀው ሕንድኛ ስለ ብሎንና ስለ መፍቻ ነው። ሴትዮዋ ያን ቀን ስለ ብሎን አልተናገረችም።»

ዘውዱ ፈገግ አለ። «እንግዲያውስ አሮጊቷም...»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። አማርኛ ግን አውቃለሁ። ዘውዱ፣ አንተ ሌሊት ሌሊት ለዚህች ልጅ ትነግራት የነበረው በአማርኛ ነው። ግድግዳችን ጭቃ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ አስተርጓሚ ሰምተናል። እኔ ሰምቼ ራዲዮኔን ከፍ አደርግ ነበር። እሱን ልተርጉምላቸው? ወይስ አንተው ትደግመዋለህ?»

 ሸምሱ ጉልበቱን እያየ «ወላሂ እኔም እሰማ ነበር» አለ። «ጠዋት ስኳር ልትገዛ ስትመጣ ፊቷን ላለማየት ሚዛን ሚዛኑን አይ ነበር።»

ዘውዱ ቁጭ አለ። የእድሩ ዳኛ ጋቢውን ሰብስቦ «እኛ ለሽምግልና የምንበቃ ሰዎች አይደለንም፤ እንነሣ» አለ። ስንወጣ ጽጌ በሩን ከፍታ ያዘችልን። ልትስመኝ ዝቅ ስትል «አልመለስም ጋሼ» አለችኝ በጆሮዬ። የራሷ ውሳኔ ነበር። እኛ የሠራነው ነገር ቢኖር ከበሩ ላይ ዞር ማለት ብቻ ነው።

ማታውን ሳይሆን በማግስቱ ብርቄ ቧንቧው ጋ ያዘችኝ።

«ብሎኑ፣ ያን ቀን ሰምተሃል አይደል?»

«ምኑን?»

«አትቀልድ። ሴትዮዋ ምን አለች?»

«ይቅር በለኝ ነው ያለችው። ሁለቴ።»

ባልዲዋ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ቧንቧውን ዘጋች።

«ጠርጥሬ ነበር» አለች። «አንገቷ ተሰብሮ ነበር፤ እሷን ብተረጉም ኖሮ ይቅር በለኝ ነበር የምለው። ግን ምስሉ ሲጠቁር ጽጌ መስታወቱ ላይ ታየችኝ፤ ከኋላዬ፣ በሩ ጋ። የእሷ አንገት ቀና ብሎ ነበር። እሷን ተረጎምኩ።»

ወደ ልማዴ ተመለስኩ። «እሺ፣ አሁን የመጨረሻውን ፍርድ ስጪ። ነብሯ ትበልጣለች ወይስ ሟቿ?»

«ሦስተኛዋ» አለች ባልዲዋን እያነሣች። «አንዷ ጥፍር አላት፤ ሌላዋ አንዴ ሞታለችና ምን ትፈራለች? ይህቺ ጥፍርም የላት፣ ሞታም አልተገላገለች። ታክሲ እንኳ አልያዘችም።»

ዓመታት አለፉ። ግቢያችን ፈረሰ፣ ቃሊቲ ባቡር ገባለት፣ ብርቄ ገላን ኮንዶሚኒየም ደረሳት፤ ሦስተኛ ፎቅ። ደረጃውን ለመውጣት በየፎቁ እያረፍኩ «ሟቿ ብሆን በግድግዳው በገባሁ» እላለሁ። ያን ሰሞን የውጭ ድራማዎችን ወደ አማርኛ ድምፅ እየመለሰ የሚያሳይ ጣቢያ መጥቶ ነበርና አንድ ቀን የእኛው ነብር በአማርኛ ልትመጣ ነው ተባለ። ብርቄ ልታይ አልፈለገችም። እኔና ሸምሱ ነን ተንኮለኞቹ፤ የድሮ ጎረቤቶችን ሁሉ ጠርተን እሷው ቤት ሰበሰብን። ጽጌም መጣች። የራሷ የስፌት ቤት ነበራት፤ ያን ቀንም መቀስ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው የመጣችው።

ሳምንታት አይተን ያ ክፍል ደረሰ። ጥፊው። አምባሮቹ። ብርቄ ሪሞቱን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ሴትዮዋ አንገቷን ደፋችና በጠራ አማርኛ «ጌታዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በለኝ። ስለ አንተ ዕድሜ ልጾም እሄዳለሁ፤ ይቅር በለኝ» አለች።

 ብርቄ ወደ ጽጌ አልዞረችም። ያቺ ከፊውዝ እስከ ጣሪያ ያልፈራች ሴት ዞር ብላ ማየት ፈራች።

«እትዬ ብርቄ» አለች ጽጌ።

«ወይ ልጄ።»

«ይሄን እንዲህ የተረጎመው ሰውዬ... ሕንድኛ አይችልም እንዴ?»

መጀመሪያ የሳቀው ሸምሱ ነው። ከዚያ ቤቱ ሁሉ። ብርቄ ሳቀች፣ ሳቀች፣ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች፣ ሪሞቱን አነሣችና ድምፁን ድርግም አደረገችው። «በሉ ዝም በሉ» አለች። «ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።»

የቀብሯ ዕለት ዝናብ ነበር። በሠልስቱ ገላን ስንሰበሰብ ቴሌቪዥኗ ነጠላ ለብሶ ነበር፤ ለቅሶ ቤት ነዋ። እኔ መነጽሬ ጠፍቶብኝ በዳበሳ ገብቼ መሃል ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አሥር ሰዓት ሲሆን ሁላችንም ሳንነጋገር ወደዚያ ነጠላ ዞርን። አለመዞር አልቻልንም። ጽጌ አየችን። ብድግ ብላ ላስቲክ የተጠቀለለውን ሪሞት ከመደርደሪያው አነሣችና ከፍ አድርጋ ያዘችው።

«ሟቿ ደረጃውን ወጣች» አለች። «ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ አልደከማትም። ቤቱ ውስጥ ሰው ሞልቷል። ያለቅሳሉ። አንድ ሽማግሌ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ መነጽሬ ጠፋ ይላል።»

እጄን ሰደድኩ። እዚያው ነበር።

«ከዚያስ?» አለ ሸምሱ።

«ከዚያማ በሩ ተዘግቶ ነበር፤ ከፈተችው። ገባች። የምትቀመጥበትን አየች። "ብሎኑ፣ ዞር በል፣ ጋርደኸኛል" አለችው።»

ወንበሬን ወደ ጎን ሳብ አደረግሁ።